የራስዎን ፈንክሽን ሲጽፉ፦ ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በሒሳብ ማስሊያ ሶፍትዌሮች ውስጥ የራስን ፈንክሽን ስለ መጻፍ የደረሱንን ደብዳቤዎች ስናነብ፣ አብዛኞቹ ጠያቂዎች ፈንክሽኑን መጻፍ እንዳልከበዳቸው፣ ይልቁንም ያስቸገራቸው ከጻፉት በኋላ የሚሰጣቸውን ውጤት ማመን እንደ ሆነ ተረድተናል። ይህ ተገቢ ስጋት ነው። በሶፍትዌሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ የመጣው ፈንክሽን በብዙ ሰዎች እጅ ተፈትኗል፤ እርስዎ የጻፉትን ግን ከእርስዎ በቀር የሚፈትነው የለም። ከደብዳቤዎቹ መካከል ሰባቱን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሥራዬ የመሬት ቅየሳ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን ቦታዎችን ስፋት ከሦስቱ ጎኖቻቸው ርዝመት ለማግኘት አንድ ረጅም ፎርሙላ በኤክሴል ውስጥ በመቶ በሚቆጠሩ ሴሎች ላይ ደጋግሜ እገለብጣለሁ። አንዲት ቅንፍ ከሳትኩ የሳትኩበትን ቦታ ለማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ፎርሙላውን አንድ ጊዜ ጽፌ ስም ልሰጠው እችላለሁን?

መልስ፦ ይችላሉ፤ እንዲያውም የራስን ፈንክሽን መጻፍ ያስፈለገው ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ነው። ፈንክሽን ማለት ግብዓት ተቀብሎ፣ በተወሰነ ሕግ መሠረት አስልቶ፣ ውጤት የሚመልስ፣ ስም ያለው ስሌት ነው። ስሙን ጽፎ ግብዓቱን በቅንፍ ውስጥ የማስቀመጡ ልማድ በሒሳብ ጽሑፍ ውስጥ ከሒሳብ ሊቁ ኦይለር ጋር በ1734 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የገባ ሲሆን፣ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ሶፍትዌሮች በሙሉ ማለት ይቻላል ይህንኑ አጻጻፍ ወርሰዋል።

እርስዎ የሚጠቀሙበት ፎርሙላ በእስክንድርያው ሄሮን ስም የሚጠራው ነው። ሦስቱን ጎኖች ሀ፣ ለ እና ሐ ብለን የዙሪያውን ግማሽ መ ብንለው፣ መ = (ሀ + ለ + ሐ) ÷ 2 ይሆናል፤ ስፋቱም √(መ × (መ − ሀ) × (መ − ለ) × (መ − ሐ)) ነው። ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 ከሆኑ መ 6 ስለሚሆን፣ ከሥሩ ምልክት በታች ያለው ብዜት 6 × 3 × 2 × 1 = 36፣ ስፋቱም 6 ይሆናል። ይህችን ምሳሌ በማስታወሻዎ ላይ ይያዟት፤ ፈንክሽኑን ጽፈው ሲጨርሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሷን ነው።

በአዳዲሶቹ የኤክሴል እትሞች ላምዳ የሚባል ፈንክሽን አለ። ስሙ የሒሳብ ሊቁ አሎንዞ ቸርች በ1930ዎቹ ካዘጋጀው የላምዳ ስሌት የመጣ ሲሆን፣ በኤክሴል ውስጥ ይፋ የሆነው በ2020 መጨረሻ ነው። በላምዳ ቅንፍ ውስጥ መጀመሪያ የግብዓቶቹን ስሞች በቅደም ተከተል ይዘረዝራሉ፤ በመጨረሻ ስሌቱን ይጽፋሉ። የዙሪያውን ግማሽ አራት ጊዜ ደጋግመው እንዳይጽፉት፣ ሌት በሚባለው ፈንክሽን አማካይነት በስሌቱ ውስጥ ስም ሊሰጡት ይችላሉ። ስም ከመስጠትዎ በፊት ግን ላምዳውን በአንድ ባዶ ሴል ላይ ይጻፉትና ወዲያው ከጎኑ ሌላ ቅንፍ ከፍተው 3፣ 4 እና 5ን ያስገቡለት። 6 ከመለሰ በኋላ ነው፣ ሁለተኛውን ቅንፍ ትተው ላምዳውን ብቻ ገልብጠው፣ በፎርሙላዎች ማውጫ ሥር በሚገኘው የስሞች ማስተዳደሪያ ውስጥ ለፈንክሽኑ ስም አውጥተው የሚያስቀምጡት። ከዚያ ወዲያ ስሙንና የሦስቱን ሴሎች አድራሻ ብቻ ይጽፋሉ፤ ስህተት ቢገኝበት እንኳ የሚታረመው በአንድ ቦታ ነው።

የእርስዎ እትም የ2016 ወይም የ2019 ከሆነ ላምዳን አያውቀውም። በዚያ ጊዜ ቪቢኤ በሚባለው የኤክሴል የፕሮግራም ቋንቋ መጻፍ ይኖርብዎታል፤ ፋይሉም ማክሮ (በቪቢኤ የተጻፈ ፕሮግራም) በሚይዘው የፋይል ዓይነት ካልተቀመጠ የጻፉት ፈንክሽን አብሮ አይቀመጥም።

ጥያቄ፦ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሦስት ተማሪዎቼ የሄሮንን ፎርሙላ ማትላብ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋና በኤክሴል ጻፉት። ሆን ብዬ 1፣ 2 እና 4 የሚሉ ጎኖችን ሰጠኋቸው። አንዱ ቁጥር አገኘ፣ አንዱ የስህተት መልእክት አገኘ፣ አንዱ ደግሞ በሴሉ ላይ እንግዳ ምልክት ተጻፈበት። ትክክለኛው የትኛው ነው?

መልስ፦ ከዚህ የበለጠ ጥሩ ጥያቄ ለተማሪ መስጠት የሚቻል አይመስለንም። 1 እና 2 ተደምረው ከ4 ስለሚያንሱ እንዲህ ያለ ጎነ ሦስት የለም። ፎርሙላው ግን ይህን አያውቅም፤ የዙሪያውን ግማሽ 3.5 ብሎ፣ ከሥሩ ምልክት በታች 3.5 × 2.5 × 1.5 × (−0.5) አስልቶ፣ −6.5625 ላይ ይደርሳል። ሦስቱ ሶፍትዌሮች የሚለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። ማትላብ የኔጌቲቭ ቁጥርን ስኩዌር ሩት በኮምፕሌክስ ቁጥር ስለሚመልስ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ 2.5617 በኢማጂናሪው አሃድ (በ√−1) ተባዝቶ ይወጣል። የፓይተን የሒሳብ ሞጁል ውስጥ ያለው ስኩዌር ሩት ስህተት ብሎ ሥራውን ያቆማል። ኤክሴል በሴሉ ላይ የቁጥር ስህተት ምልክት ያስቀምጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር፦ ፓይተን የተጠቀመው ተማሪ በስኩዌር ሩት ፈንታ ወደ 0.5 ርቢ አሳድጎ ቢሆን ኖሮ፣ እርሱም እንደ ማትላቡ ኮምፕሌክስ ቁጥር ባገኘ ነበር። በወረቀት ላይ አንድ የሆኑት ሁለቱ አጻጻፎች በሶፍትዌሩ ውስጥ አንድ አይደሉም ማለት ነው።

በእኛ አስተያየት ከሦስቱ እጅግ አደገኛው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ያ ቁጥር ወደ ሚቀጥለው ስሌት ተሸጋግሮ፣ ከሌሎች ስፋቶች ጋር ተደምሮ፣ ፍጹም ዋጋው ተወስዶ፣ በመጨረሻ ደህና መስሎ በሠንጠረዥ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ነገር ግን ጥፋቱ የማትላብ አይደለም። የሌለ ጎነ ሦስት ስፋት ሲጠየቅ ምን መደረግ እንዳለበት የሚወስነው ፈንክሽኑን የጻፈው ሰው ነው። ስለዚህ የፈንክሽኑ የመጀመሪያ መስመር ስሌት ሳይሆን ፍተሻ መሆን አለበት፤ ከሦስቱ ጎኖች የማንኛቸውም ሁለቱ ድምር ከሦስተኛው መብለጡን ይመርምር፤ ካልሆነ የስህተት መልእክት ሰጥቶ ያቁም፤ መልእክቱም የትኞቹ ቁጥሮች እንደ ቀረቡለት ይናገር።

የፍተሻው አጻጻፍም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብዙ ሰው «ድምሩ ከሦስተኛው ጎን ካልበለጠ» የሚለውን ሐሳብ «ድምሩ ከሦስተኛው ጎን ቢያንስ ወይም እኩል ቢሆን አቁም» ብሎ ይጽፈዋል። በተራ ቁጥሮች ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ከመረጃው ውስጥ የጎደለ ልኬት ቢኖርና በቦታው «ቁጥር ያልሆነ» የሚባለው ልዩ ዋጋ ቢገባ ግን፣ ይህ ዋጋ ከማንኛውም ቁጥር ጋር በመብለጥ፣ በማነስ ወይም በእኩልነት ሲነጻጸር መልሱ ሁልጊዜ ሐሰት ስለሚሆን፣ «ቢያንስ አቁም» የሚለው ፍተሻ ሳይነካው ያሳልፈዋል። «መብለጡ እውነት ከሆነ ቀጥል፣ ያለዚያ አቁም» ተብሎ የተጻፈው ግን ይይዘዋል። ተማሪዎችዎ ይህን ልዩነት ራሳቸው እንዲያገኙት ቢያደርጉ ደስ ይለናል።

ከላይ የጠየቁን የቅየሳ ባለሙያም ይህን መልስ እንዲያነቡ የምንፈልግበት ምክንያት አለን። የሄሮን ፎርሙላ እጅግ ቀጭን በሆኑ፣ መርፌ በሚመስሉ ጎነ ሦስቶች ላይ ትክክለኛነቱን ያጣል። ኮምፒዩተሩ አንድን ቁጥር የሚይዘው ከ15 እስከ 16 በሚደርሱ አኃዞች ብቻ በመሆኑ፣ ሁለት በጣም የተቀራረቡ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ትርጉም ያላቸው አኃዞች ተሰርዘው የማጠጋጋቱ ስህተት ጎልቶ ይቀራል። በ1985 የወጣውን የኮምፒዩተር ቁጥሮች ስሌት ደረጃ በመቅረጽ ግንባር ቀደም የነበረው ዊልያም ካሃን ለዚህ መፍትሔ አበጅቷል። ጎኖቹን ሀ ትልቁ፣ ሐ ትንሹ እንዲሆን በቅደም ተከተል ካስቀመጡ በኋላ፣ ስፋቱ √((ሀ + (ለ + ሐ)) × (ሐ − (ሀ − ለ)) × (ሐ + (ሀ − ለ)) × (ሀ + (ለ − ሐ))) ÷ 4 ነው። በ5፣ 4 እና 3 ቢሞክሩት 12 × 2 × 4 × 6 = 576፣ ሥሩ 24፣ ለ4 ሲካፈል 6 ይሰጣል። በአልጀብራ ዓይን ትርፍ የሚመስሉት የውስጥ ቅንፎች መወገድ የለባቸውም፤ የፎርሙላው ጥቅም ያለው ስሌቱ በሚከናወንበት ቅደም ተከተል ውስጥ ነውና።

ጥያቄ፦ ማትላብን በሚመስለው በኦክቴቭ ሶፍትዌር የጻፍኩት ፈንክሽን አንድ ቁጥር ስሰጠው በደንብ ይሠራል፤ የቁጥሮች ረድፍ ስሰጠው ግን ስህተት ይለኛል። ለእያንዳንዱ ቁጥር ለየብቻ መጥራት አለብኝን?

መልስ፦ የለብዎትም። ማትላብም ሆነ ኦክቴቭ የተሠሩት ለማትሪክስ ስለ ሆነ፣ ተራው የማባዣና የርቢ ምልክት የማትሪክስ ብዜትና የማትሪክስ ርቢ ማለት ነው። እያንዳንዱ አባል ለብቻው እንዲሰላ ከፈለጉ ከማባዣው፣ ከማካፈያውና ከርቢው ምልክት በፊት ነጥብ ይጨምሩ። ስህተት ብሎዎት መቆሙን እንደ ዕድል ይቁጠሩት። የላይኛው ረድፉ 1 እና 2፣ የታችኛው 3 እና 4 የሆነን ማትሪክስ ያለ ነጥብ ወደ 2 ርቢ ቢያሳድጉት፣ ሳይቃወም 7 እና 10፣ 15 እና 22 ይሰጥዎታል፤ እርስዎ የጠበቁት ግን 1 እና 4፣ 9 እና 16 ነበር።

ጥያቄ፦ በማትላብ አንድ ቋሚ ቁጥር ወስኜ፣ እርሱን በግብዓቱ የሚያባዛ ባለ አንድ መስመር ፈንክሽን በአት ምልክት (@) ጻፍኩ። በኋላ ቋሚውን ከ5 ወደ 10 ብለውጠውም ፈንክሽኑ በአሮጌው ያሰላል። ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። ማትላብ እንዲህ ያለውን ፈንክሽን ሲፈጥር በውስጡ የተጠቀሱትን የውጭ ተለዋዋጮች ዋጋ በዚያው ቅጽበት ቀድቶ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ለውጥ አይደርሰውም። ፈንክሽኑን እንደገና ቢጽፉት አዲሱን ዋጋ ይይዛል። ፓይተን በተቃራኒው ዋጋውን የሚፈልገው ፈንክሽኑ በተጠራ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ተመሳሳዩ ፈንክሽን እዚያ 2 ቢሰጠው ቋሚው ከተለወጠ በኋላ 20 ይመልሳል፤ ማትላብ ግን 10 ማለቱን ይቀጥላል። ሁለቱም ልማዶች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ነገር ግን የትኛውም እንዳያሳስትዎት ቋሚውን ራሱን እንደ ሁለተኛ ግብዓት በቅንፉ ውስጥ ያስገቡት። በኤክሴል ላምዳ ውስጥ የሴል አድራሻ በቀጥታ መጻፍም ከዚሁ ወገን ነው፤ በስሞች ማስተዳደሪያ ውስጥ የተጻፈ አንጻራዊ አድራሻ ፈንክሽኑ ከተጠራበት ሴል ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ፣ ያላሰቡትን ሴል ሊያነብ ይችላል።

ጥያቄ፦ የስታቲስቲክስ ተማሪ ነኝ። የደወል ቅርጽ ያለውን ኩርባ ለመሳል የአንድን ቁጥር ካሬ ኔጌቲቭ አድርጌ ኢ (e) የሚባለው ቋሚ ቁጥር ርቢ የሚያደርግ ፈንክሽን በፓይተንም በኤክሴልም ጻፍኩ። በፓይተን ኩርባው ትክክል ነው፤ በኤክሴል ግን ከመሃል ወደ ዳር ሽቅብ ይወጣል። ፎርሙላው አንድ ሆኖ ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ፎርሙላው አንድ የሚመስለው ለዓይን ብቻ ነው። በፓይተን፣ በማትላብና በሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ ርቢ ከኔጌቲቭ ምልክት ይቀድማል፤ −3^2 ማለት −9 ነው። በኤክሴል ሴል ውስጥ ግን ከቁጥሩ ፊት የቆመው የኔጌቲቭ ምልክት ከርቢው ይቀድማልና =−3^2 ብለው ቢጽፉ 9 ያገኛሉ። ስለዚህ በግብዓቱ 2 ላይ፣ ውጤቱ 0.0183 ገደማ መሆን ሲገባው 54.6 ገደማ ይሆናል፤ ኩርባውም ሽቅብ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው፣ =0−3^2 ብለው ቢጽፉ እዚያው ኤክሴል ውስጥ −9 ማግኘትዎ ነው፤ እዚህ ላይ ምልክቱ የመቀነስ እንጂ የኔጌቲቭነት ምልክት አይደለምና። ከኤክሴል ጋር አብሮ የሚመጣው ቪቢኤ እንኳ የሚከተለው የመጻሕፍቱን ሕግ ነው። መፍትሔው ካሬውን በቅንፍ ማጠር፣ የኔጌቲቭ ምልክቱንም ከቅንፉ ውጭ ማድረግ ነው።

አንድን ፈንክሽን ከአንድ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ሲያሸጋግሩ ሎጋሪዝምንም አይርሱ። መሠረቱ ሳይገለጽ ሎግ ሲባል ኤክሴል መሠረቱን 10 አድርጎ ይወስዳል፣ ማትላብ፣ ፓይተንና ቪቢኤ ደግሞ የተፈጥሮውን ሎጋሪዝም ይሰጣሉ፤ የ100 ሎግ በአንደኛው 2፣ በሌሎቹ 4.605 ገደማ ነው። ሳይንና ኮሳይን በሁሉም ዘንድ ራዲያን ይጠብቃሉ፤ 30 ዲግሪን በቀጥታ ለሳይን ቢሰጡት በ0.5 ፈንታ −0.988 ይመልሳል። በፈንክሽንዎ ስም ወይም በማብራሪያው መስመር ላይ የግብዓቱን መለኪያ መጻፍ የሚፈጀው ጊዜ በጣም ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ራሱን በራሱ የሚጠራ ፈንክሽን ጽፌ፣ እያንዳንዳቸው ከፊታቸው ያሉት የሁለቱ ድምር የሆኑትን የፊቦናቺን ቁጥሮች አሰላሁ። እስከ 20ኛው ድረስ ወዲያው ይመልሳል፤ 30ኛው ትንሽ ያዘገያል፤ 50ኛውን ብጠይቀው ግን እስካሁን አልመለሰም። ስህተቱ የት ነው?

መልስ፦ የጻፉት ትክክል ነው፤ የበዛው ድካሙ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ያሉትን ሁለቱን ይጠይቃል፣ እነርሱም በተራቸው ሁለት ሁለት ይጠይቃሉ፣ ማንም ግን ቀድሞ የተሰላውን አያስታውስም። ዜሮኛውና አንደኛው መነሻ ከሆኑ፣ 30ኛውን ለማግኘት፣ ማለትም 832,040 ላይ ለመድረስ፣ ፈንክሽኑ 2,692,537 ጊዜ ይጠራል። ለ50ኛው ጥሪው ከ40 ቢሊዮን ይበልጣል። ከታች ተነሥተው በሉፕ (በድግግሞሽ ትእዛዝ) ቢደምሩ ግን ለ30ኛው የሚያስፈልግዎ 29 መደመር ብቻ ነው። ራሱን የሚጠራውን አጻጻፍ ከወደዱት፣ የተሰላውን ሁሉ በማስታወሻ እንዲይዝ ያድርጉት፤ ማቲማቲካ በሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ ይህ የሚደረገው በፈንክሽኑ ትርጓሜ ውስጥ ውጤቱን ለዚያው ግብዓት በእኩል ምልክት ደግሞ በመመደብ ሲሆን፣ ፓይተንም ለዚሁ የተዘጋጀ መሣሪያ በመደበኛው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አለው።

የሚቆምበት መነሻ የሌለው ወይም ኔጌቲቭ ግብዓት የተሰጠው ፈንክሽን ደግሞ ራሱን ያለ ማቋረጥ ይጠራል። ሶፍትዌሮቹ ለዚህ ገደብ አላቸው፤ ካልለወጡት በቀር በፓይተን 1000፣ በማትላብ 500፣ በኦክቴቭ 256 ነው። እዚያ ሲደርስ የሚመጣውን መልእክት ካዩ ገደቡን ከፍ ለማድረግ አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ መነሻውን ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ የፈንክሽኖቼንና የተለዋዋጮቼን ስም በአማርኛ ፊደል መጻፍ እችላለሁ? ለጀማሪዎች ሳስተምር በጣም ይረዳኝ ነበር።

መልስ፦ በፓይተን ይችላሉ። በ2008 ከወጣው ሦስተኛው ትውልድ ጀምሮ ፓይተን የላቲን ባልሆኑ ፊደላት የተጻፉ ስሞችን ይቀበላልና፣ ስፋት የሚባል ፈንክሽን ሀ፣ ለ እና ሐ ከሚባሉ ግብዓቶች ጋር መጻፍ ይቻላል። ግብዓቶቹ የሚለያዩት ግን በላቲኑ ነጠላ ሰረዝ እንጂ በእኛው ሰረዝ አይደለም፤ የቋንቋው ቁልፍ ቃላትም በላቲን ፊደል እንደ ሆኑ ይቀራሉ። ማትላብ በስሞች ውስጥ የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና የታች ሰረዝን ብቻ ስለሚቀበል በዚያ አይሆንም።

በአማርኛ ስም ለሚጠቀም ሰው ያለን ማሳሰቢያ ስለ ሞክሼ ፊደላት ነው። ለእኛ ንባባቸው አንድ የሆነው ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒዩተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ላይ «ሥር» ብለው የሰየሙትን ተለዋዋጭ ታች «ስር» ብለው ቢጠሩት፣ ፓይተን እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም ይላል፤ ተማሪውም ሁለቱን ደጋግሞ እያነበበ ስህተቱን አያየውም። ከዚህ የባሰው፣ «ስር» በሚለው ስም አዲስ ዋጋ ቢመደብ ነው፤ በዚያ ጊዜ ፓይተን ምንም ሳይል ሁለት የተለያዩ ተለዋዋጮች ይይዛል፣ ፈንክሽኑም አሮጌውን ይመልሳል። ስለዚህ ከትምህርቱ መጀመሪያ የምትጠቀሙባቸውን ስሞች ዝርዝር ከነአጻጻፋቸው በሰሌዳው ዳር ይጻፉላቸው፤ ሞክሼ ፊደል የሌለበት ቃል ሲገኝም እርሱን ያስቀድሙ።